በሀሊሜ ሻይ ቤት በኩል

የብድር ቢሮው ፎርም ሃያ ሦስት ጥያቄ ነበረው። ሃያ ሁለቱን ሳልዋሽ መለስኩ። ለእኔ ይኼ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከዋጃ እስከ ወልዲያ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ ስሜን ስነግረው እንኳ መታወቂያ አሳይ የሚል ነው። የትምህርት ደረጃ የሚለው ላይ «ስድስተኛ ክፍል፣ ሁለት ጊዜ» ብዬ ጻፍኩ። ሥራ የሚለው ላይ «ሾፌር» አልኩ። ሃያ ሦስተኛው ላይ ስደርስ እስክሪብቶው እጄ ላይ ቆመ። «የመኖሪያ አድራሻና የቤት ቁጥር» ይላል።

እኔ ሙላው የምኖረው አይሱዙ ውስጥ ነው። መኪናው ደሴ የሚኖሩ የሐጂ ነጅሙዲን ነው። እኔ ከቆቦ ሽንኩርት እየጫንኩ መቀሌም ደሴም አደርሳለሁ፣ ሲመሽ ደግሞ እዚያው ጋቢናው ውስጥ እተኛለሁ። ጋቢናው ስለማይበቃኝ እግሬን በመስኮት አወጣዋለሁ። አንድ ቀን ሮቢት ላይ እንደዚያ ተኝቼ ሳለ አንድ ጫማ ሻጭ እግሬን ለክቶ፣ ጠዋት ስነሳ አዲስ ጫማ አድርጌ፣ ሂሳቡ ደግሞ መስታወቱ ላይ ተለጥፎ አገኘሁ። ያልከፈልኩት ጠቦኝ ስለነበር ነው።

ፎርሙን የሚያስሞላኝ ናትናኤል የሚባል የቢሮው ሠራተኛ ነው። ወጣት ነው፣ መነጽር ያደርጋል፣ ሲስቅ ያየው ሰው የለም። ላለዝበው ብዬ ከዋጃ እንቁላል ጭኜ በቆቦ ሙቀት የተነሳ ወልዲያ ላይ ጫጩት እንዳወረድኩ ነገርኩት። ትንሽ አሰበና «ለጫጩቱ የተለየ ደረሰኝ ሰጡ?» አለኝ።

«የቤት ቁጥር?» አለ ቀጥሎ።

«ሁለት መቶ አሥራ አራት፣ ጎብዬ።»

«ስንት ዓመት ኖሩበት?»

«ዘጠኝ» አልኩ። እኔ አራት ልል ነበር፤ አፌ ነው ዘጠኝ ያለው።

ሁለት መቶ አሥራ አራት የእትዬ ሀሊሜ ሻይ ቤት ነው። ከዓመታት በፊት ለጎማ መግዣ ትንሽ ብድር ስወስድ ደብዳቤ የሚደርስበት ቦታ አምጣ ተባልኩና እሷን ለመንኳት። «ደብዳቤህን እቀበልልሃለሁ» አለችኝ። «ስለ አንተ ግን አልዋሽም። የውሸቱን ሥራ አንተው ትችለዋለህ።» ከዚያ ወዲህ ለእኔ የሚላከው ወረቀት ሁሉ እሷ ዘንድ ይወርዳል፣ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ይገባል። ወረቀት ሲመጣ ቀይ የፕላስቲክ ጆግ በሩ ላይ ካለው ምሰሶ ትሰቅላለች። እኔ ሳልፍ ጆጉን ካየሁ ፍሬን እይዛለሁ።

ወደ ሰሜን ሄጄ ከቆየሁ ደግሞ ወረቀቱን ከወልዲያ አላማጣ በሚመላለሰው ሚኒባስ ላይ ላለው ረዳት ለፈሪድ ትሰጠዋለች። ፈሪድ በየፌርማታው አንገቱን አውጥቶ «ሙላውን ያየ?» እያለ ይፈልገኛል። አንድ ደብዳቤ ከጎብዬ ተነስቶ ቀድሞኝ አላማጣ ደርሶ፣ ሲያጣኝ ተመልሶ ሮቢት ላይ ያገኘኝ ጊዜ አለ። ፖስታው አንድም ቀን ተከፍቶ አያውቅም። ውስጡ ያለውን ነገር ግን መንገዱ ሁሉ ከእኔ በፊት ያውቀዋል፤ እንዴት እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

አሁን ብድሩ ለምን እንዳስፈለገኝ ልንገራችሁ። ሐጂ ነጅሙዲን ደከሙና መኪናውን ሊሸጡት ሆነ። ደውለው «ሙላው፣ አንተ ነህ የደከምክበት፤ እስከ ጥር መጨረሻ ግማሹን ካመጣህ ቀሪውን እየሠራህ ትከፍለኛለህ። ካላመጣህ የወልዲያው ሰውዬ ሙሉውን ይዞ ቆሟል» አሉኝ። ሌላ ሾፌር መኪና ቢቀማ ተናዶ ቤቱ ይገባል። የእኔ ቤት ግን ራሱ ሞተሩን አስነስቶ ከሌላ ሰው ጋር ሊሄድ ነው።

ናትናኤል ፎርሙን አጥፎ «ቤትዎን መጥተን እናያለን፤ ቀኑን በደብዳቤ እናሳውቃለን» አለኝ። እኔም የሌለኝን ቤት ሊያይ የሚመጣን ሰው እሺ ብዬ ወጣሁ።

ከሳምንት በኋላ ዋጃ ላይ ጎማ ሳስነፋ የፈሪድ ሚኒባስ አጠገቤ ቆመ። ፖስታውን በመስኮት ዘረጋልኝ። ከፈትኩት። «ሐሙስ ጠዋት በሦስት ሰዓት መኖሪያ ቤትዎ ተገኝተን ስለምናይ እንዲጠብቁን» ይላል።

«ዛሬ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ሐሙስ።»

«ስንት ሰዓት ነው?»

«ሁለት ተኩል። ቶሎ በል ይልቅ፤ ሦስት ሰዓት ላይ ነው ያሉህ» አለኝ ፖስታ የማይከፍተው ፈሪድ።

ባዶውን መኪና ይዤ በረርኩ። ጥላዬ ሮቢት ላይ ደክሞት ቀረ፤ ሻይ ጠጥቼ ስጨርስ ነው ጎብዬ የደረሰው። እኔ ስደርስ ግን ናትናኤል ሞተር ሳይክሉን አቁሞ፣ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብሎ ይጽፋል። ከጎኑ ጺማቸውን ሂና የተቀቡት አያ ታሂር ተቀምጠዋል። ጥጉ ላይ አንድ የማላውቃቸው ከሲታ ሽማግሌ ዳቦ በሻይ እያጠቀሱ ይበላሉ። እትዬ ሀሊሜ ብርጭቆ ታጥባለች፤ ቀና ብላም አላየችኝ።

«ቤትዎን ያሳዩኝ» አለ ናትናኤል።

በጓሮ በኩል አዞርኩትና ያገኘሁትን በር ከፈትኩለት። ውስጡ የታሰረች ፍየል ነበረች። ፍየሏ አየችን፣ እኛም አየናት።

«ይቺስ?»

«ደባል ነን» አልኩ።

«ፍየሏ የእኔ ናት፤ ዘጠኝ ወሯ ነው» አለች ሀሊሜ ከጓዳ። «እሱ አሁን ነው የመጣው።»

«እትዬ ሀሊሜ...»

«አልዋሽም ብዬሃለሁ፤ ወላሂ ነግሬሃለሁ።»

ናትናኤል ወደ አግዳሚው ተመለሰና ወደ አያ ታሂር ዞረ። «የሰፈሩ የቅሬ ዳኛ እርስዎ ነዎት አሉኝ። ይህን ሰው ያውቁታል?»

ለማያውቅ ልንገር፤ እኛ ወሎዎች ቅሬ የምንለው ሰው ሲሞት ጉድጓድ የሚቆፍረውን፣ ድንኳን የሚተክለውን፣ ለቀስተኛ የሚያስተናግደውን የሰፈር ማኅበር ነው። ሌላ አገር ዕድር ይሉታል። ጎብዬ ላይ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ነው። መታወቂያ ሰው ይዋሳል፤ የቤት ቁጥርም ይኸው እኔ ተውሻለሁ። ቅሬ ግን የሚያውስህ የለም። ናትናኤልም ይህን ያውቃል፤ ለካ ልጁ የእኛው የወሎ፣ የላስታ ልጅ ነው።

አያ ታሂር በፕላስቲክ የተጠቀለለ ደብተር ከብብታቸው አወጡ። ገጹን በዝግታ ገለጡ።

«ዘጠኝ ዓመት ኖርኩ ነው ያልከው፣ ልጄ?»

«ዘጠኝ ዓመት፣ አያ ታሂር።»

«ደግ። በዘጠኝ ዓመት አርባ አንድ ሰው ቀብረናል። አንድ ቀን አካፋ ይዘህ አላየሁህም።»

እዚህ ላይ ዝም ብዬ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በዚያው ያልቅ ነበር። አፌ ግን ዝም ማለት የሚባለውን ትምህርት ያልደረሰበት ነው፤ ሰባተኛ ክፍል ላይ ይሆናል የሚሰጠው።

«ከኋላ ስለምቆም ነው» አልኩ።

«የማን ቀብር ላይ?»

ባለፈው ዓመት ሀሊሜ አያ ተሾመ የሚባሉ ጎረቤቷን ደሴ ሐኪም ቤት እንደወሰዷቸውና ተስፋ እንደሌላቸው ስታለቅስ ነግራኝ ነበር። እሱ ትዝ አለኝ።

«የአያ ተሾመ ቀብር ላይ፣ ነፍሳቸውን ይማርና» አልኩ። «ምን ዓይነት ቀን ነበር መሰላችሁ። በበጋ ዝናብ ወረደ። ሬሳውን ከያዙት አንዱ እኔ ነኝ፤ በግራ በኩል፣ እግሩ ጋ። እንዲያውም አንድ ፈረስ ነበር፤ ቆሞ ሲያለቅስ በዓይኔ አይቻለሁ።»

ሀሊሜ ብርጭቆውን አስቀመጠች። ጥጉ ላይ ያሉት ከሲታ ሽማግሌ ዳቧቸውን ውጠው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሰው ነበረ?» አሉኝ።

«የት?»

«ቀብሬ ላይ።»

መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ ያን ቀን አርባ ሁለተኛው እሆን ነበር። ግን አልተከፈተም፤ አፌ እንጂ። «አልጠፋም» አልኩ።

«የእህቴ ልጆች ከመርሳ መጥተው ነበር?»

«ከፊት ነበሩ።»

አያ ተሾመ ራሳቸውን ነቀነቁ። «በቁሜ እንኳ አይጠይቁኝም። እዚያ መምጣታቸውም ደግ ነው» አሉና ወደ ዳቧቸው ተመለሱ።

ናትናኤል እስክሪብቶውን ከደነ። ያኔ እውነቱን ነገርኩት። ሌላ የቀረኝ ነገር ስላልነበረ ነው እንጂ ጨዋነት ይዞኝ አይደለም። በሩ ላይ የቆመውን አይሱዙ አሳየሁት፤ ብርድ ልብሴን፣ ድስቴን፣ መስታወቱ ላይ የተሰቀለውን የጥርስ ብሩሼን። ይህ ከሄደ የምተኛበት የለኝም አልኩት።

«ሕጉ ጎማ ያለው ቤት አይልም» አለ ናትናኤል። ለስለስ ብሎ ነው የተናገረው። «ስንጠራዎት ጥሪው የሚደርስዎት ቦታ መኖር አለበት፤ የእኛ ነው የሚል ሰውም መኖር አለበት። የዛሬ አሥራ አንድ ቀን፣ ሰኞ፣ ተመልሼ በዚህ ሳልፍ ዳኛው ከፈረሙልዎት አስገባዋለሁ። ካልፈረሙ ይሰረዛል።»

ሁላችንም አያ ታሂርን አየን።

«ቅሬ በወሬ አይገባም» አሉ። «ሰው ሲሞት ተጠርቶ የመጣ የእኛ ነው። እስከዚያ ቀን ቀብር ከኖረና ከመጣህ እፈርማለሁ። ከሌለ እንግዲህ ምን ላድርግህ፣ ሰው አልገድልልህ።»

እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ እነዚያን ቀናት ጎብዬ ላይ ሰው እንዲሞት የሚጠብቅ ፍጡር እኔ ብቻ ነበርኩ። የጎብዬ ሰው ደግሞ እንደዚያ ሰሞን ጤነኛ ሆኖ አያውቅም። ዘጠና ዓመት ያለፋቸው ሴትዮ ውኃ ተሸክመው መኪናዬን ቀድመውት አለፉ። ባለፍኩ ቁጥር ጆጉን አያለሁ፤ ምሰሶው ባዶ ነው። ቆም ብዬ የሰፈሩን ጤና እጠይቃለሁ።

«አያ ተሾመ፣ እንዴት አደሩ?»

«ደህና ነኝ» ይሉኛል። «ይቅርታ።»

«ሳሉስ?»

«እሱም ለቀቀኝ። አውቄ አይደለም።»

ሀሊሜ አንድ ቀን በማማሰያዋ ጠቆመችኝና «አንተ፣ ሰው ስታይ የምትለካው ነው የሚመስለው» አለችኝ። አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ አያ ተሾመ ሲያስሉ ወደ ሌላ ዞሬ ማየት ጀመርኩ። ግን ጆሮ አይዞርም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ይቆጥራል። ቆቦ ላይ አዲስ አካፋም ገዛሁ፤ ለሽንኩርት ነው ብዬ ነው የገዛሁት፤ ሽንኩርት በአካፋ የሚጭን ሰው እስካሁን አላየሁም።

ቅዳሜ ደረሰ። ለቀጠሮው ሁለት ቀን ቀረው። መኪናውን ከቆቦ ሽንኩርት ሞልቼ ወደ መቀሌ ወጣሁ። ብድሩ ቢፈቀድ እንኳ ግማሹን ለመሙላት የዚህ ጭነት ኪራይ ያስፈልገኛል፤ ነጋዴው ደግሞ ለእሑድ ገበያ ካልደረሰ ከኪራይህ እቆርጣለሁ ብሏል። አላማጣ ላይ ነዳጅ ስቀዳ ፈሪድ እየሮጠ መጣ። እንደ ሌላ ጊዜው አልቀለደም። የታጠፈች ወረቀት ሰጠኝ።

«አያ ተሾመ ሞተዋል። ቀብሩ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው» ይላል።

«ማን ሰጠህ?»

«ልጅ ነው ያቀበለኝ፤ ጆጉም ተሰቅሏል።»

ሀሊሜ ጋ ደወልኩ፤ ስልኳ ዝግ ነው። መብራት ሲጠፋ ሁሌም እንደዚያ ነው። ሰዓቴን አየሁ፤ አራት ተኩል። የመጠበቄ ፍሬ መጣ ብዬ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ነዳጅ ማደያው ላይ ቁጭ አልኩ። ሰውዬው በሞት አፋፍ ላይ ሆነው እንኳ ደህና በመሆናቸው ይቅርታ ሲጠይቁኝ ነበር። ሽንኩርቱን አየሁት፣ ወደ መቀሌ የሚወስደውን መንገድም አየሁት። ከዚያ መሪውን ወደ ደቡብ አዞርኩ።

ከአላማጣ እስከ ጎብዬ አለቀስኩ። ሽንኩርት ስለጫንኩ ነው እንዳልል ሽንኩርቱ ከኋላ ነው ያለው። ዋጃ ላይ ሰዎች እጃቸውን አወጡልኝ፣ አልቆምኩም። ቆቦንም ሮቢትንም ሳላይ አለፍኩ። ጎብዬ ስገባ ቀዩ ጆግ ምሰሶው ላይ ይወዛወዛል። አካፋዬን ይዤ ዘልዬ ወረድኩና ወደ ሻይ ቤቱ ገባሁ።

አያ ተሾመ ጥጋቸው ላይ ተቀምጠው ዳቦ በሻይ ያጠቅሳሉ።

«መጣህ?» አሉኝ።

አካፋው ከእጄ ወደቀ። ሀሊሜ ጓዳ ነበረች፤ በድምፁ ደንግጣ ወጣች። ወረቀቷን አሳየኋት። አንብባ ስትጨርስ ወደ ሽማግሌው ዞረች። «አንቱ ነዎት ጆጉን የሰቀሉት? እኔ ታጥቦ እንዲደርቅ የተሰቀለ መስሎኝ...»

«ጽሕፈቱም የእኔ ነው» አሉ አያ ተሾመ። «ዲያቆን ነበርኩ በልጅነቴ። ይኸ ልጅ አንዴ ቀብሮኛል፤ ሁለተኛው ምን ይጎዳኛል ብዬ ነው። ሰኞ ሊደርስበት ነው፤ የሚሞትለት ሰው ጠፋ።»

አንገታቸውን አቅፌ ሳለቅስ ሻያቸውን ደፋሁባቸው። ከምኔው እንደተወራ እንጃ፣ አያ ታሂር ምርኩዛቸውን እየወዘወዙ መጡ። ሁሉንም ሰሙ። እንደዚያ ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም።

«ቅሬ መጫወቻ ነው? ተሾመ፣ አንተ ሽማግሌ አይደለህም? አንድ ሸክም ማገዶ ተቀጥተሃል። አንተም» አሉኝ ወደ እኔ ዞረው፣ «በቁሙ ያለ ሰው ስለቀበርክ አንድ ሸክም።»

«እሺ፣ አያ ታሂር።»

«ለፈረሱ ደግሞ ግማሽ።»

«እሺ።»

የብድሩ ነገር አለቀ ብዬ አካፋዬን አነሳሁ። ቀብር የለም፤ ቀብር ከሌለ ፊርማ የለም። በሩ ጋ ስደርስ አያ ታሂር መኪናውን በምርኩዛቸው ጠቆሙ።

«ይኸ ሽንኩርት ወዴት ነበር?»

«መቀሌ።»

«ከየት ነው የተመለስከው?»

«ከአላማጣ።»

«ወረቀቱ ስንት ሰዓት ደረሰህ?»

«አራት ተኩል።»

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አዩ። ስድስት ተኩል ገና አልሞላም። ጺማቸውን አሻሹ። «ባለፈው ወር ሼህ አህመድን ስንቀብር» አሉ፣ «ቤቱ ከመቃብሩ ፊት ለፊት ያለ ሰው ስንጠራው አፈር ከመለስን በኋላ ነው የደረሰው።» ሌላ ነገር ሳይጨምሩ ወጡ።

አያ ተሾመ ሳትበላ አትሄድም ብለው እስኪመሽ አቆዩኝና ያን ማታ ሽንኩርቱን ይዤ ተነሳሁ፤ መንገድ ላይ አደርኩ። እሑድ ከሰዓት ነው የደረስኩት፤ ነጋዴው እንዳለው ቆረጠብኝ፤ ከተቆረጠው በላይ ደግሞ ሰደበኝ። ሰኞ ጠዋት ጎብዬ ስደርስ ሁለት ሸክም ተኩል ማገዶ በሩ ላይ ተደርድሯል፤ የእኔን ድርሻ ሀሊሜ ገዝታልኝ ነው፣ ዕዳውን ቆርቆሮው ላይ ጽፋዋለች። ናትናኤል ደብተሩን ዘርግቷል።

«ይኸ ሰው የእኛ ነው» አሉት አያ ታሂር። «ቤት የለውም። ሲጠራ ግን ይመጣል። አካፋም አለው።» ፈረሙ።

«አድራሻውን ምን ልበል ታዲያ?»

«በሀሊሜ ሻይ ቤት በኩል በል። እዚያ የደረሰ ይደርሰዋል።»

ሀሊሜ ጓዳ ሆና «ይኼ እውነት ነው፤ ጻፍ» አለች።

ናትናኤል ዘጠኝ ዓመት የሚለውን ሰርዞ አድራሻውን ጻፈ። «አንድ ምስክርም ያስፈልጋል» አለ።

«እኔ አለሁ» አሉ አያ ተሾመ።

ልጁ መነጽሩን አውልቆ አያቸው። «የሞቱት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«ሁለት ጊዜ» አሉት። «ግን ቀኝ እጄ ደህና ነው።»

ናትናኤል ሳቀ። መሳቅ ስላልለመደ ትን ያለው መስሏት ሀሊሜ ውኃ ይዛለት መጣች።

ብድሩ ተፈቀደ፤ ለግማሹ የጎደለችኝን ትንሽ ገንዘብ ሐጂ ነጅሙዲን በትዕግሥት ጠበቁኝ። መኪናው የእኔ ሆነ። የቅሬው ድንኳንና አግዳሚ ሁሉ አሁን በእሱ ነው የሚጫነው፤ ጆጉ ሲሰቀል ጭነቴን የትም ጥዬ እመጣለሁ፤ ነጋዴዎቹም ለምደውኛል። ከዚያ ወዲህ ሦስት የእውነት ጉድጓድ ቆፍሬያለሁ። የራያ አፈር በበጋ ምን ያህል እንደሚጠነክር ልዋሻችሁ ፈልጌ ነበር፤ ከእውነቱ የሚበልጥ ውሸት አጣሁለት።

አያ ተሾመ ደህና ናቸው። በሻይ ቤቱ ባለፍኩ ቁጥር ቦታ ይለቁልኝና «እስቲ ያን የመጀመሪያውን ቀብሬን ንገረኝ» ይሉኛል። እነግራቸዋለሁ። በየጊዜው ያድጋል፤ አሁን ለቀስተኛው ከጅቡቲ ጭምር ነው የሚመጣው፣ ፈረሶቹም ሰባት ደርሰዋል። የእህታቸው ልጆች ግን ሁልጊዜ ከፊት ናቸው። እሱን አልረሳም።